የሰኞ ልኬት

ጋሽ ወልዳይ የሞቱት የሕማማት ሰኞ ጠዋት ነው። ከሆስፒታል ሲደወልልኝ የናፍጣ መለኪያው ዘንግ እጄ ላይ ነበር። ገና ከጉድጓዱ መዝዤ ማውጣቴ ነው፤ ናፍጣው ጫፉ ላይ ያብረቀርቃል፤ አሥራ አራት ኢንች ከሩብ ይላል። ነርሷ "አይ አም ሶሪ" ስትለኝ መስመሩ እንዳይጠፋብኝ አውራ ጣቴን ጫን አድርጌበት ነበር። ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው። "ሰማይ ቢደፋ መጀመሪያ አንብቢ፣ ከዚያ ትደነግጫለሽ" ይሉኝ ነበር። አነበብኩ። ከዚያ የጓሮው ሣር ላይ ቁጭ አልኩ።

እኔ ሥራዬ አዛውንት መንከባከብ ነው። በዚህ ሥራ ሞት እንግዳ አይደለም፤ የስንቱን አልጋ አንጥፌ የስንቱን አጥፌያለሁ። አለቅሳለሁ፣ ይወጣልኛል፣ በማግስቱ ሺፍቴን እገባለሁ። የጋሽ ወልዳይ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ እሱን ለመንገር ግን መጀመሪያ ሰውየውን ማወቅ አለባችሁ።

ቤቱ ኦክላንድ ዳገት ላይ ያለ አሮጌ ቤት ነው፤ ስምንት አዛውንት ይጦሩበታል። የሰፈሩ ቤት ሁሉ በጋዝ ሲሞቅ የኛው ከጥንት ጀምሮ በናፍጣ ነው የሚሞቀው። ናፍጣው ጓሮ፣ ከሎሚው ዛፍ አጠገብ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ታንከር ውስጥ ነው ያለው። ስንት እንደቀረ የሚያሳየው ጌጅ ድሮ ሞቷል። የቤቱ ባለቤት ዳያን "ዘንድሮ ወደ ጋዝ እንቀይረዋለን" ትላለች፤ እኔ እዚያ በሠራሁበት ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያ ዘንድሮ አልመጣም። ናፍጣ የሚያመላልሰው መኪና ደግሞ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ሳምንት ቀድሞ ካልተደወለለት አይገኝም። ስለዚህ አንድ ሰው በየሳምንቱ ዘንግ እየከተተ መሬት ውስጥ ስንት እንደቀረ ማወቅ ነበረበት።

እኔ በፈረንጆቹ 2006 ስቀጠር፣ ስልክ ሁሉ ታጥፎ የሚከፈት በነበረበት ጊዜ ማለት ነው፣ ያ ሰው ጋሽ ወልዳይ ነበሩ። የቤቱን በርና ቧንቧ የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ኤርትራዊ ናቸው፤ ጉልምስናቸውን አሰብ ወደብ ላይ የነዳጅ ታንከር ሲለኩ አሳልፈውታል። አማርኛቸው ከኔ ከአዲስ አበባ ልጅዋ ይሻላል፤ ትግርኛ የሚቀላቅሉት ሲናደዱና ሲያዝኑ ብቻ ነው። እኔን ግን ሁልጊዜም "ጓለይ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሚስት አግብተው ነበር፣ አልሆነም፤ ልጅ የላቸውም። ያላቸው አንድ ወንድም ነው፤ ጋሽ ዮሐንስ ይባላሉ፤ ሳን ሆዜ ታክሲ ይነዳሉ።

ሰኞ ጠዋት ሲለኩ ላያቸው ሰው ቅዳሴ የገቡ ይመስላሉ። የብረት ክዳኑን ያነሳሉ። ዘንጉን በጨርቅ ይጠርጋሉ፤ ርጥበቱ መስመር እንዲያወጣ ታችኛውን ጠመኔ ይቀቡታል። ከዚያ ቀስ አድርገው ይከቱታል። አንዴ እኔ ጣል ሳደርገው እጄን ያዙኝ።

"ታንከሯ አሮጊት ናት። ወገቧን አትውጊያት" አሉኝ።

ዘንጉ መሬት ሲነካ በአንድ ትንፋሽ ይመዙታል፤ ከዘገየ ናፍጣው ዘንጉን ይዞ ወደ ላይ ይሳባል፣ ያልሆነውን ያሳያል። ያነባሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ይደግማሉ። ሦስት ጊዜ። ሦስቱም ከተስማሙ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ቀኑንና ቁጥሩን በእርሳስ ይጽፋሉ። "አንዴ የተለካ ወሬ ነው" ይሉ ነበር። "ሁለቴ የተለካ ጥርጣሬ ነው። ሦስቴ ከተስማማ ደውይ።"

ምድር ቤት መስኮቷ ወደ ጓሮ የሚያሳይ ሚስ ሩት የምትባል የዘጠና አንድ ዓመት ባልቴት ነበረች። በየሰኞው መስኮቷን ከፍታ ትጠብቃቸዋለች።

"ሃው ማች፣ ሚስተር ዎል?"

"ናይንቲን ኢንች፣ ማዳም።"

"ኦ፣ ጉድ" ትላለች፣ መስኮቱን ትዘጋለች። አንድ ክረምት መኪናው ቀርቶብን "ፋይቭ ኢንች፣ ማዳም" ሲሏት እኔ ተናደድኩባቸው። ምን አለ ለዚች ምስኪን "ፕለንቲ"፣ ሞልቷል፣ ብለው ቢያልፏት?

"ለምን ያስፈራሯታል?" አልኳቸው።

"ብትፈራ ብርድ ልብስ ትደርባለች" አሉኝ። "ካልነገርኳት በምኗ ትደርባለች?"

እውነትም ማታ ስገባ ሹራብ ለብሳ፣ ካልሲ ደርባ አገኘኋት።

ዳያንም ቀምሳዋለች። አባታቸውን ሊያስገቡ የመጡ ልጆች ቤቱን ሲጎበኙ ጋሽ ወልዳይን ጠርታ "ታንካችን ሙሉ ነው፣ አይደል?" አለቻቸው። "ኖ፣ ማዳም። ሰቨን" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ምሳ ላይ "ልታባርርዎት ነው" አልኳቸው። እሳቸው ሳንድዊቻቸውን እየገመጡ "ልቀቅ ካለችኝ እለቃለሁ። ሰባትን ግን አሥራ ሁለት አልልም" አሉኝ። አላባረረቻቸውም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ከሳቸው ሳትሰማ ናፍጣ አታዝም ነበር።

እኔን ዘንግ ያስያዙኝ ጉልበታቸው ማጎንበስ እንቢ ሲል ነው። አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ያነበብኩትን ደገሙ። ሦስት ጊዜ ለክቼ፣ አንብቤ፣ እሳቸው ዘንጉን ተቀብለው አራተኛ ይለካሉ። ይደብረኝ ነበር፤ ሰው ካላመነኝ ለምን ያዘኛል? ታንከሩ የተጋደመ በርሜል ስለሆነ ኢንች ሁሉ እኩል እንዳልሆነም ያስተማሩኝ ያኔ ነው። መሐሉ ሰፊ ነው፣ ኢንቹ ብዙ ይይዛል። ወደ ታች ሲወርድ ይጠባል። "ከዚህ በታች የዛሬው ኢንች የትናንቱን ያህል አያቆይሽም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ገና አምስት አለኝ ብሎ ይተኛል" አሉኝ።

አንድ ሰኞ ለክቼ "አሥራ ሰባት ከግማሽ" ብዬ ዘንጉን አቀበልኳቸው። ጠረጉና ቦታው ሰቀሉት።

"አይደግሙትም?"

"ያንቺን አልደግመውም።"

እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። በማይረባ ነገር ኮራሽ በሉኝ፤ እዚህ አገር ስንት ሰርተፍኬት ወስጃለሁ፣ አንዱም እንደሱ ደስ አላለኝም።

አሁን የወንድማቸውን ነገር ልንገራችሁ። እኔ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ገደማ ላይ ጋሽ ወልዳይ የሐሞት ኦፕራሲዮን ተደረጉ። እሳቸው ተኝተው ሳለ አሥመራ ያሉት እናታቸው ዐረፉ። መርዶው ለጋሽ ዮሐንስ ደረሳቸው። ጋሽ ዮሐንስም ማናችንም የምናደርገውን አደረጉ፤ ቁስሉ ይድረቅ፣ ሰውየው ይበርታ ብለው ደበቁ። አርባ ቀን። በየእሑዱ ከሳን ሆዜ ምግብ ይዘው እየመጡ አብረው ምሳ በሉ። ጋሽ ወልዳይ "እናታችን እንዴት ናት?" ሲሉ "ሰላም ትልሃለች" አሏቸው። በአርባ ቀኑ ማግስት ሽማግሌ ሰብስበው በማለዳ መጡና አረዷቸው።

ጋሽ ወልዳይ አለቀሱ፣ ለቅሶ ተቀመጡ፣ ሰው ሸኙ። ወንድማቸውን ግን ከዚያ ቀን በኋላ አላናገሩም። ስንቱ ሽማግሌ ተመላለሰ። ካህን መጣ። የመለሱት አንድ ነገር ነው።

"ሞታ ሰላም አለችኝ" አሉ። "የሞተች እናቴን ሰላምታ ተቀብዬ 'እኔም ሰላም ብያታለሁ በልልኝ' አልኩት። እሱ እሺ አለ። እንጀራ እየጎረሰ እሺ አለ።"

እኔም እንደሌላው ሰው "ለእርስዎ ብሎ እኮ ነው" አልኳቸው።

"ይሁን። ለእኔ ብሎ አርባ ቀን ሞኝ አደረገኝ። ማልቀስ በነበረብኝ ቀን ስስቅ አየኝ" አሉና ርዕሱን ዘጉት። ሰባት ዓመት ተዘጋ። ይህን ሁሉ እኔ አውቃለሁ፤ ከማንም በላይ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ።

ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው ሆስፒታል ይዣቸው የሄድኩት። ከገና ወዲህ ከስተው፣ ምግብ እምቢ ብሏቸው፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። አፖይንትመንቱን የያዝኩት እኔ፣ የነዳሁት እኔ። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ፊቷ ደግ ነው። ወረቀቷን ይዛ ተቀመጠችና በስልክ አስተርጓሚ ላምጣ ብላ ጠየቀች። ደንቡ እንደሱ ነው፤ ቤተሰብ አያስተረጉምም። የጋሽ ወልዳይ እንግሊዝኛ ለኢንችና ለናፍጣ ይበቃል እንጂ ለሆስፒታል አይሆንም። እጃቸውን አወዛወዙባት።

"ኖ ፎን" አሏት። በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። "ሺ ሪድ ጉድ። አይ ዶንት ቼክ።" በደንብ ታነባለች፣ የሷን አልደግመውም ማለታቸው ነው።

ዶክተሯ ፈገግ አለች። ከዚያ ነገረችኝ። ካንሰር ነው፤ ቆሽት ላይ ነው፣ ጉበት ደርሷል። ሁለት ወር። ጥሩ ከሄደ ሦስት። "እባክሽ የሚፈልገውን እንዲያደርግ ንገሪው፤ የሚያያቸው ሰዎች ካሉ አሁን ይያቸው" አለችኝ።

ጋሽ ወልዳይ አፌን ያያሉ። ዘንግ ስመዝ እንደሚያዩኝ ነው የሚያዩኝ።

"ስንት አለች?"

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በቀትር፣ ብርዳም ክፍል ውስጥ፣ ወረቀት በለበሰ አልጋ ላይ ለተቀመጠ ሰው አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ የሚደግፈው ሰው ከጎኑ ይቀመጣል። እኔ ብቻዬን ነበርኩ። እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ቅዳሜ የንስሐ አባታቸውን ይዤ እመጣለሁ አልኩ።

"ሕክምና አለው ነው የምትለው" አልኳቸው። "ግን ጊዜ ይወስዳል።"

"ስንት ጊዜ?"

"ዓመት። ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልደገሙትም።

ቅዳሜ ንስሐ አባታቸውን ሳናግር "ጾም ሊገባ ነው፣ በጾም ልቡን አንስበረው፤ ከፋሲካ በኋላ እኛው እንነግረዋለን" አሉኝ። በሳቸው አላመካኝም። እፎይ ብዬ ነው የተቀበልኩት።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ወልዳይ ሥራ አልመጡም፤ በየሰኞው ግን ከቤታቸው ይደውላሉ። "ስንት ነው?" ይላሉ፣ እነግራቸዋለሁ፣ "ጻፊው" ይላሉ፣ ይዘጋሉ። በጾሙ አጋማሽ አንድ ሰኞ ቁጥሩን ከሰሙ በኋላ አልዘጉም።

"ጓለይ፣ ዮሐንስን ልየው አስቤያለሁ" አሉኝ።

"ዛሬ እንሂድ" አልኳቸው። "አሁን ልምጣና ልውሰድዎት። ሃምሳ ደቂቃ ነው።"

"ኧረ እንዲህ ሆኜ? አጥንቴን ላሳየው? ሰባት ዓመት ኮርቼ ኮርቼ ለማኝ መስዬ ልሂድ? ሕክምናው ይያዘኝና ትንሽ ሥጋ ልልበስ። ከፋሲካ በኋላ፣ ሰኞውን፣ ከልኬቱ በኋላ ትወስጂኛለሽ።"

"ቢፈጥኑ ጥሩ ነበር።"

"ምን አስቸኮለን? ጊዜ አለ ብለሻል።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሽማግሌ አያስፈልግም ነበር፣ ማለዳ አያስፈልግም ነበር። "ጋሽ ወልዳይ፣ ዋሽቼዎታለሁ" ማለት ብቻ ነበር። አፌን ከፈትኩ። "እሺ፣ እንዳሉ" አልኩ። የጋሽ ዮሐንስ እሺ ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ሆሳዕና ዕለት ደግፌያቸው ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በሕማማት ፍትሐት ስለሌለ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞት ሰው የሚሆነው ጸሎት በዚያ ቀን ለሁሉም ይደረጋል። ጣታቸው ላይ የዘንባባ ቀለበት አስረው፣ መቋሚያ ተደግፈው ቆመው ሰሙ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ ለማን እንደሚጸለይ አውቃለሁ። ሲወጡ "ዛሬ ደህና ነኝ፣ ቆሜ አስቀደስኩ" አሉኝ። ያን ሌሊት ደም ረግቶ ሳንባቸው ገባ፤ በአምቡላንስ ተወሰዱ። ጠዋት እኔ ዘንግ ይዤ ቆሜ ስልኩ ጮኸ።

የጋሽ ዮሐንስን ቁጥር ያገኘሁት ጋራዡ ግድግዳ ላይ ነው። ከልኬቶቹ ሁሉ በላይ በእርሳስ ተጽፏል፤ እርሳሱ ሲደበዝዝ በላዩ ላይ እየደገሙ ጽፈውበታል። በስልክ መርዶ አይነገርምና ደውዬ አድራሻቸውን ብቻ ጠየቅኩ። ማክሰኞ ማለዳ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ሳን ሆዜ ሄድን። በሩን ከፍተው ሦስታችንን አዩ።

"ወልዳይ ነው" አሉ።

ሐሙስ ያለ ፍትሐት ቀበርናቸው። ሰው ሲበተን ጋሽ ዮሐንስ ወደ እኔ መጡ። ወንድማቸውን ይመስላሉ፤ ሸሚዛቸውን እንኳ እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ።

"ያውቅ ነበር ወይ?" አሉኝ።

"አያውቁም ነበር። ዶክተሯ ነግራኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልነገርኳቸው።"

"ስንት አለች?"

"ሁለት ወር።"

"መቼ?"

"ሁዳዴ ሳይገባ።"

በጣታቸው ቆጠሩ። ይጮኹብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። "ከፋሲካ በኋላ ሊመጡ አስበው ነበር፣ ቀን ቆርጠው ነበር" አልኳቸው። የባሰ ነገር መናገሬን ያወቅሁት ፊታቸውን ሳይ ነው። መቃብሩ አጠገብ ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔ ያልነበረ ሰላምታ አመጣሁለት" አሉ ቀስ ብለው። "አንቺ ያልነበረ ዓመት ሰጠሽው። እኔን ሰባት ዓመት ቀጣኝ። አንቺን ሳይቀጣሽ ሄደ።"



የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ጋሽ ወልዳይ ሳን ሆዜ ሊሄዱ ባሰቡበት ቀን፣ ጋሽ ዮሐንስ የወንድማቸውን ዕቃ ሊወስዱ ኦክላንድ መጡ። ዕቃው አንድ ካርቶን አልሞላም። የሥራ ጫማ፣ መፍቻዎች፣ የጠመኔ ፓኮ። ጋራዡን ሲያዩ ግድግዳው ፊት ቆሙ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሰኞው የተጻፈ ቁጥር ነው። የራሳቸውን ስልክ ቁጥር ሲያገኙ በጣታቸው ነኩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "እንዴት ነበር የሚለካው?" አሉኝ።

ጓሮ ወሰድኳቸው። ክዳኑን አነሳሁ። ዘንጉን ጠረግኩ፣ ጠመኔ ቀባሁ፣ ቀስ አድርጌ ከተትኩ፣ በአንድ ትንፋሽ መዘዝኩት። ሚስ ሩት መስኮቷን ከፍታ ታየናለች፤ የሚስተር ዎልን ነገር ነግሬያታለሁ።

"አሥራ አንድ ከግማሽ" አልኩ።

ጋሽ ዮሐንስ መስመሩን አላዩም። የሚያዩት እኔን ነው።

"ድገሚው" አሉኝ።

ዘንጉን ጠረግኩ፣ ጠመኔ ቀባሁ፣ ደገምኩት።